ሳንታ ኮሎማ ደ ግራመኔት፦ ወላጆች ካታላንኛን ለልጆቻቸው የጠየቁባት የሠራተኞች ከተማ

በስፔን የካታሎኒያ ክልል ዋና ከተማ ከሆነችው ከባርሴሎና ተነሥተው የቤሶስን ወንዝ ሲሻገሩ የሚያገኟት ሳንታ ኮሎማ ደ ግራመኔት በዳገት ላይ የተደራረቡ ፎቆችና ቀጥ ብለው የሚወጡ ጠባብ መንገዶች ያሏት የሠራተኞች ከተማ ናት። በ1950 ነዋሪዎቿ 15 ሺህ ገደማ ነበሩ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ በ1980ዎቹ መግቢያ ላይ ግን ቁጥራቸው ወደ 140 ሺህ ደርሶ ነበር። ይህን ያህል ሕዝብ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ወደዚያ ዳገት ያመጣው እንጀራ ፍለጋ ነው። ከአንዳሉሲያ፣ ከኤክስትሬማዱራ፣ ከሙርሲያና ከካስቲል መንደሮች የተነሡ ገበሬዎችና የቀን ሠራተኞች በባርሴሎና ፋብሪካዎችና የግንባታ ቦታዎች ሥራ ለማግኘት መጡ፤ አቅማቸው የሚፈቅደው ቤት የሚገኘው ከከተማዋ ዳር ብቻ ስለነበረም እዚያው ሰፈሩ። ከመካከላቸው ካታላንኛ የሚችል እምብዛም አልነበረም።

ይህች ከተማ በካታላንኛ ታሪክ ውስጥ ልዩ ስፍራ የያዘችው በ1983 በተጀመረው የትምህርት ዘመን 19 ትምህርት ቤቶቿ እስፓንኛ ተናጋሪ ሕፃናትን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በካታላንኛ ማስተማር በመጀመራቸው ነው። አሠራሩ ከጊዜ በኋላ «የቋንቋ ጥምቀት» ሊባል በሚችል ስም ታወቀ፤ ሕፃኑ ወደ ውሃ እንደሚገባ ሁሉ ወደ ቋንቋው ገብቶ እዚያው ይዋኛል ለማለት ነው። ዛሬ ስለ ካታሎኒያ ትምህርት በሚደረገው ክርክር ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ግን ነገሩ የተጀመረበት መንገድ ነው። ጥያቄውን ያነሡት ራሳቸው ካታላንኛ የማይናገሩ፣ ልጆቻቸው ግን እንዲናገሩ የፈለጉ ወላጆች ነበሩ። ይህ ጽሑፍ እነዚያ ወላጆች ለምን ያን እንደጠየቁ፣ ጥያቄያቸው እንዴት ሕግና የክፍል ውስጥ አሠራር እንደሆነ፣ ከአርባ ዓመት በኋላም ምን እንዳስገኘና ምን እንዳላስገኘ ይመረምራል።

ቋንቋው እና የደረሰበት

ካታላንኛ ከላቲን የተወለደ፣ የእስፓንኛ፣ የፈረንሳይኛና የጣልያንኛ ታናሽም ታላቅም ያልሆነ እኩያ ቋንቋ ነው። የእስፓንኛ ዘዬ አድርጎ የሚቆጥረው ሰው ጥቂት አይደለምና ይህን ቀድሞ መናገር ያስፈልጋል። በካታሎኒያ፣ በባሌያሪክ ደሴቶች፣ «ቫሌንሲያንኛ» እየተባለ በቫሌንሲያ፣ በደቡብ ፈረንሳይ በፔርፒኛን ዙሪያ፣ በሰርዲኒያ ደሴት ላይ ባለችው በአልጌሮ ከተማ፣ እንዲሁም ብቸኛ የመንግሥት ቋንቋ ሆኖ በአንዶራ ይነገራል። የሚናገሩት ሰዎች ቁጥር ወደ 10 ሚሊዮን ይገመታል፤ ይህም በአውሮፓ የራሳቸው መንግሥት ካላቸው ከብዙ ቋንቋዎች የሚበልጥ ነው። መካከለኛው ዘመን ላይ የሕግ፣ የንግድና የሥነ ጽሑፍ ቋንቋ ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ደግሞ በትምህርቱ መሐንዲስ የነበረው ፖምፔው ፋብራ የአጻጻፍ ደንቡን በ1913፣ ሰዋስዉን በ1918፣ መዝገበ ቃላቱን በ1932 አበርክቶ ዘመናዊ የጽሕፈት ቋንቋ አድርጎታል።

ቋንቋው ከአደባባይ የተባረረበት ጊዜ ከአንድ በላይ ነው። ለሳንታ ኮሎማ ታሪክ ቅርብ የሆነው ስፔንን በአምባገነንነት የገዛው የጄኔራል ፍራንኮ ዘመን ነው። ጦሩ በጥር 1939 ባርሴሎናን ከያዘ በኋላ ካታላንኛ ከትምህርት ቤት፣ ከፍርድ ቤት፣ ከመሥሪያ ቤትና ከሱቅ ሰሌዳ ተወገደ፤ የሕፃናት ስም እንኳ በእስፓንኛ ካልሆነ በመዝገብ አይሰፍርም ነበር። ካታላንኛ ሲናገር የተሰማ ሰው «በክርስቲያን ቋንቋ ተናገር» ይባል ነበር። ሁለት ትውልድ የራሱን ቋንቋ እየተናገረ ማንበብና መጻፍ ሳይችል አደገ። ከዚህ የወጣ አንድ ልማድ አለ፤ ኋላ የምንመለስበት ስለሆነ እዚህ ላይ መጥቀሱ ይበቃል። ካታላኑ የማያውቀውን ሰው ሲያናግር ወደ እስፓንኛ መዞርን እንደ ጨዋነት ቆጠረው፤ ከጊዜ በኋላም ሳያስበው የሚያደርገው ነገር ሆነ።

በዚሁ ዘመን ነው ታላቁ ፍልሰት የመጣው። የካታሎኒያ ሕዝብ በ1950 ወደ 3.2 ሚሊዮን ነበር፤ በ1975 ወደ 5.7 ሚሊዮን ደረሰ። ከጭማሪው የሚበዛው ከሌሎች የስፔን ክፍሎች የመጣ ሰው ነበር። እነዚህ ሰዎች ያገኙት ሁኔታ ግራ የሚያጋባ ነበር። መንግሥት የሚናገረው የእነርሱን ቋንቋ ነው፤ ፖሊሱ፣ ዳኛው፣ ሬዲዮውና የልጃቸው መምህር እስፓንኛ ይናገራሉ። የፋብሪካው ባለቤት፣ የክፍል አለቃው፣ ሐኪሙና ባለሱቁ ግን እርስ በርሳቸው ሲነጋገሩ ካታላንኛ ነው። ስለዚህ በአብዛኛው ዓለም የተገፋ ቋንቋ የድሃ ቋንቋ ሲሆን ካታላንኛ ግን ተገፍቶም የኑሮ መሻሻል ምልክት ሆኖ ቆየ። ለእንግዳው ሠራተኛ «ሻርኔጎ» የሚል ስም ወጣለት፤ በአማርኛ «መጤ» የሚለው ቃል አንዳንድ ጊዜ የሚይዘውን ዓይነት ንቀት የያዘ ስም ነው። የሳንታ ኮሎማ ወላጆች ጥያቄ ከዚህ ቃል ጋር ሳይያያዝ ሊገባን አይችልም ብዬ አምናለሁ። ልጃቸው ያንን ስም ተሸክሞ እንዳያድግ ነበር የፈለጉት።

ጥያቄው እንዴት ተነሣ

ፍራንኮ በኅዳር 1975 ከሞተ በኋላ ነገሮች በፍጥነት ተለወጡ። በስደት የኖረው የካታሎኒያ ፕሬዚዳንት ዡዜፕ ታራዴያስ በጥቅምት 1977 ተመለሰ፤ በ1978 በወጣ ንጉሣዊ ድንጋጌ ካታላንኛ በሁሉም ትምህርት ቤት እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት እንዲሰጥ ተወሰነ፤ በዚያው ዓመት የጸደቀው ሕገ መንግሥት እስፓንኛን ሁሉም የማወቅ ግዴታ ያለበት የአገሪቱ ቋንቋ አድርጎ ሌሎቹ ቋንቋዎች በየክልላቸው ይፋዊ እንዲሆኑ ፈቀደ፤ በ1979 የወጣው የካታሎኒያ የራስ አስተዳደር ደንብ ደግሞ ካታላንኛን «የካታሎኒያ የራሷ ቋንቋ» ብሎ ሰየመው።

በሳምንት ጥቂት ሰዓት የሚሰጥ ትምህርት ግን ለሳንታ ኮሎማ ልጅ ብዙም አልፈየደለትም። ሰፈሩ በሙሉ እስፓንኛ ይናገራል፤ ጓደኞቹም እንዲሁ። ካታላንኛ የሚሰማው ከመምህሩ አፍ፣ ያውም በዚያች ክፍለ ጊዜ ብቻ ነው። በአንጻሩ በባርሴሎና መካከለኛ ኑሮ ባለባቸው ሰፈሮች፣ ወላጆችና መምህራን በአምባገነኑ ዘመን ማብቂያ ላይ ባቋቋሟቸው ትምህርት ቤቶች፣ ካታላንኛ የአፍ መፍቻቸው የሆነ ሕፃናት ሙሉ በሙሉ በካታላንኛ ይማሩ ነበር። አደጋው ግልጽ ነው። ነገሩ በዚሁ ከቀጠለ የካታላን ልጅ ሁለት ቋንቋ ችሎ ይወጣል፤ የአንዳሉሲያው ሠራተኛ ልጅ ግን አንድ ቋንቋ ብቻ ይዞ ይቀራል፤ ነገ የሥራ ማስታወቂያ ሲወጣ ማን እንደሚቀጠር ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

ሳንታ ኮሎማ በዚያን ጊዜ የተደራጀ ሕዝብ ነበራት። የሰፈር ማኅበራቱ መንገድ እንዲነጠፍ፣ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ እንዲሠራ በፍራንኮ ዘመን ጀምሮ ሲታገሉ የቆዩ ናቸው። ከ1979 እስከ 1991 ከንቲባዋ የነበረው ሉዊስ ኧርናንዴስ በሙያው የካቶሊክ ቄስ፣ በፖለቲካው የካታሎኒያ ኮሚኒስቶች ፓርቲ አባል ነበር። ይህ ፓርቲና የሠራተኛ ማኅበራቱ ከቀድሞ ጀምሮ «ካታሎኒያ አንድ ሕዝብ ናት» የሚል መፈክር አንግበው ነበር። በዚህ መፈክር ካታላን የሚባለው በደም የተወለደ ብቻ አይደለም፤ በካታሎኒያ የሚኖርና የሚሠራ ሁሉ ነው። ወላጆቹ ጥያቄውን ይዘው ሲነሡ መንገዱን ያቀናላቸው ይህ አስተሳሰብ ነው። መንገድና ጤና ጣቢያ በጠየቁበት አንደበት፣ የልጆቻቸው ትምህርት በካታላንኛ እንዲሆን ጠየቁ።

ከተማዋ በአንድ ድምፅ አልተናገረችም። በጥር 1981 የተጻፈና «የ2,300ዎቹ መግለጫ» በመባል የሚታወቅ ጽሑፍ እስፓንኛ ተናጋሪዎች በካታሎኒያ ሊገፉ ነው ብሎ አስጠነቀቀ። ከፈራሚዎቹ ጎልቶ የወጣው ፌዴሪኮ ኺሜኔስ ሎሳንቶስ በዚያው በሳንታ ኮሎማ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነበር። በግንቦት 1981 «ቴራ ዩራ» የተባለው የታጠቀ ቡድን እርሱን አግቶ እግሩን በጥይት መታው። ይህን ወንጀል ለማቃለል የሚሞክር ማንኛውም አቀራረብ ሐሰት ነው፤ ቋንቋን በጥይት የሚከላከል ሰው ቋንቋውን ያዋርዳል። በሌላ በኩል ለመግለጫው መልስ እንዲሆን በዚያው ዓመት መጋቢት በባርሴሎና «ላ ክሪዳ» የተባለው ሰላማዊ የሕዝብ እንቅስቃሴ ተመሠረተ። የሳንታ ኮሎማ ወላጆች ልጆቻቸውን የት ማስመዝገብ እንዳለባቸው የመከሩት ይህ ሁሉ ከደጃፋቸው እየሆነ ነው።

ሕጉ

የካታሎኒያ ምክር ቤት የቋንቋ ሕጉን በሚያዝያ 1983 አወጣ። ከመውጣቱ በፊት ዋናው ክርክር ትምህርት ቤቶች በቋንቋ ይከፈሉ ወይስ አይከፈሉ የሚለው ነበር። በዦርዲ ፑዦል የሚመራው የቀኝ ዘመም ብሔርተኛ መንግሥት መጀመሪያ ላይ ሁለት ጎን ለጎን የሚሄዱ መስመሮችን አላስጠላውም፤ የካታላን ልጅ በካታላንኛ፣ የእስፓንኛ ተናጋሪው ልጅ በእስፓንኛ ሊማር ይችላል የሚል ነው። ይህን አጥብቀው የተቃወሙት ግራ ዘመሞቹ ናቸው። ከእነርሱም መካከል የሶሻሊስቷ የሥነ ትምህርት ሊቅ ማርታ ማታ (1926–2006) ትጠቀሳለች። በ1965፣ ገና በአምባገነኑ ዘመን፣ «ሮሳ ሴንሳት» የተባለውን የመምህራን ማሠልጠኛ ከመሠረቱት አንዷ ናት። ክርክሯ ቀላልና ጠንካራ ነበር፦ በቋንቋ የተከፈለ ትምህርት ቤት በሃያ ዓመት ውስጥ በቋንቋ የተከፈለ ማኅበረሰብ ይወልዳል።

ሕጉ በመጨረሻ ያለ አንድም የተቃውሞ ድምፅ ጸደቀ። በምክር ቤቱ ሁለት መቀመጫ የነበረው የአንዳሉሲያ ሶሻሊስት ፓርቲ እንኳ አልተቃወመም። በሕጉ ውስጥ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሦስት ሐሳቦች አሉ። አንደኛው፣ ሕፃናት የመጀመሪያ ትምህርታቸውን በዘወትር ቋንቋቸው፣ ካታላንኛም ይሁን እስፓንኛ፣ የማግኘት መብት አላቸው ይላል። ሌላው፣ መሠረታዊ ትምህርቱን የጨረሰ ልጅ ሁሉ ሁለቱንም ቋንቋዎች በሚገባ መጠቀም መቻል አለበት ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ልጆች በቋንቋቸው ምክንያት በተለያየ ትምህርት ቤት አይለዩም ይላል። ሦስቱን አብሮ ለመፈጸም ከባድ ነው፤ ሳንታ ኮሎማ ለፈተናው የመጀመሪያዋ መልስ ሆነች። ወላጆቹ የመጀመሪያውን መብት በራሳቸው ፈቃድ ትተው የሁለተኛውንና የሦስተኛውን ፍሬ መረጡ።

በዚያው ዓመት ሌሎች ነገሮችም ገጠሙ። የካታላንኛው ቴሌቪዥን ቲቪ3 በመስከረም 1983 የሙከራ ስርጭቱን ጀመረ፤ የአሜሪካው ዳላስ ተከታታይ ፊልም በካታላንኛ ድምፅ ተደርቦለት በየሳሎኑ ታየ። የባርሴሎና የምድር ውስጥ ባቡር አንደኛ መስመርም በ1983 ሳንታ ኮሎማ ደረሰ። ከተማዋ በአንድ ጊዜ በባቡር፣ በቴሌቪዥንና በመማሪያ መጽሐፍ ከባርሴሎና ጋር ተያያዘች ማለት ነው።

ክፍል ውስጥ

አሠራሩ ከካናዳ የተቀዳ ነው። በ1965 በሞንትሪያል አጠገብ ባለችው ሴንት ላምበርት እንግሊዝኛ ተናጋሪ ወላጆች ልጆቻቸው ፈረንሳይኛ እንዲችሉ ፈልገው ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ በፈረንሳይኛ ብቻ እንዲማሩ አስደረጉ፤ የማክጊል ዩኒቨርሲቲው ዋላስ ላምበርት ልጆቹን ለዓመታት ተከታትሎ እንግሊዝኛቸው ሳይጎዳ ፈረንሳይኛ እንደቻሉ አሳየ። ሌላው የካናዳ ምሁር ጂም ከሚንስ በአንድ ቋንቋ የተገኘ የማንበብና የማሰብ ችሎታ ወደ ሌላው ይሻገራል የሚለውን ንድፈ ሐሳብ አቀረበ። በባርሴሎና ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቡና ሊቅ የነበረው ሚኬል ሲግዋን እነዚህን ሐሳቦች በካታሎኒያ ካስፋፉት ዋነኛው ነው። ልዩነቱን ግን ልብ ማለት ይገባል። የሴንት ላምበርት ወላጆች የተማሩና ኑሯቸው የደላ ነበሩ፤ የሳንታ ኮሎማዎቹ ብዙዎቹ ራሳቸው ትምህርት ያልጨረሱ የግንባታና የፋብሪካ ሠራተኞች ናቸው። ዘዴው በዚህ ዓይነት ሰፈር ይሠራ እንደሆነ አስቀድሞ ማንም እርግጠኛ አልነበረም።

የክፍሉን ጠዋት በቅርብ እንየው። የሦስት ወይም የአራት ዓመት ልጅ ሲገባ መምህሯ «ቦን ዲያ» ትለዋለች። በቤቱ የሚያውቀው «ብዌኖስ ዲያስ» ነውና ይህ አይከብደውም፤ ሁለቱ ቋንቋዎች ዘመዳሞች ናቸው። መስኮቱን እያሳየች «ፊኔስትራ» ስትል ግን ልጁ ያፈጣል፤ እናቱ «ቬንታና» ነው የምትለው። ውሻ በቤቱ «ፔሮ» ነው፤ እዚህ «ጎስ» ሆነ። ጠረጴዛው «ሜሳ» ነበር፤ አሁን «ታውላ» ነው። መምህሯ አትተረጉምለትም፤ በእጇ ታሳያለች፣ በሥዕል ትደግፋለች፣ ያንኑ ቃል በመዝሙርና በጨዋታ እየደጋገመች ታሰማዋለች። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት የሚደረጉት ነገሮች፣ ኮት መስቀል፣ እጅ መታጠብ፣ ክብ ሠርቶ መቀመጥ፣ ቃሉን ሳይተረጎም ያስገቡታል።

የዘዴው ቁም ነገር የሚመስለኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ልጁ በእስፓንኛ ሲመልስ መምህሯ አትቆጣውም፤ አልሰማሁም አትልም። እርሷ ራሷ እስፓንኛ ትችላለች፤ ሽንት ቤት መሄድ እንደሚፈልግ ወይም ሆዱን እንደሚያመው ሲነግራት ወዲያው ትረዳዋለች፤ ግን የምትመልስለት በካታላንኛ ነው። እርሱ የራሱን ቋንቋ እየተናገረ የእርሷን ይሰማል። ከወራት በኋላ አንድ ቃል፣ ከዚያ አንድ ሐረግ፣ ከዚያ ዓረፍተ ነገር ካታላንኛ ከአፉ ይወጣል። ይህ በፍራንኮ ዘመን የካታላኑ ልጅ ከደረሰበት ፍጹም የተለየ ነው፤ ያ ልጅ ቋንቋው እንደ ጥፋት ተቆጥሮበት ነበርና። ማንበብና መጻፍ በካታላንኛ ይጀመራል፤ መሠረቱ ከተያዘ በኋላ እስፓንኛ እንደ ትምህርት ይገባል፤ ፊደሉ አንድ ስለሆነ ልጁ ያንን በቶሎ ይይዘዋል።

ይህን ለማድረግ በመጀመሪያ መምህራን ያስፈልጋሉ፤ በ1970ዎቹ መጨረሻ በካታሎኒያ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከሚያስተምሩት ብዙዎቹ ካታላንኛ አይናገሩም፤ የሚናገሩትም ጽፈውት አያውቁም ነበር። ስለዚህ የካታላንኛ ማስተማሪያ አገልግሎት የተባለው የመንግሥት ክፍል በ1978 ተቋቁሞ መምህራን ከሥራ ሰዓት በኋላ የሚማሩበትን ሰፊ ሥልጠና ዘረጋ፤ የክፍል መርጃ ጽሑፎች አዘጋጀ፤ በሳንታ ኮሎማም ከጎናቸው ሆኖ የሚመክር ባለሙያ አሰማራ። ስለ አገልግሎቱ ሥራ የሚነገረው ጥቂት ነው፤ ያለ መምህራኑ ድካም ግን ሕጉ ወረቀት ሆኖ በቀረ ነበር።

ምን ተገኘ

ውጤቱ በጊዜው የተጠራጠሩትን ብዙዎች አሳመነ። በጥምቀቱ ክፍሎች የተማሩት ልጆች ካታላንኛቸው በእስፓንኛ ከተማሩት እኩዮቻቸው በግልጽ የበለጠ ሆነ፤ እስፓንኛቸው ግን ከእነዚያ አላነሰም። አሠራሩ ከሳንታ ኮሎማ ወደ ሌሎች የባርሴሎና ዙሪያ የሠራተኞች ከተሞች ተዛመተ፤ በ1992 በወጣ ድንጋጌም ካታላንኛ በመላው ካታሎኒያ በተለምዶ የማስተማሪያ ቋንቋ ሆነ። የስፔን ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት በታኅሣሥ 1994 በሰጠው ፍርድ ሥርዓቱ ከሕገ መንግሥቱ እንደማይጋጭ አጸና። በ1986 ካታላንኛ መናገር እችላለሁ ያለው የሕዝቡ 64 በመቶ ነበር፤ በ1996 ወደ 75 በመቶ ከፍ አለ። ለዚህ ዕድገት ትልቁ ምክንያት ከትምህርት ቤት እየወጣ የነበረው አዲሱ ትውልድ ነው።

ከቁጥሩ የበለጠ የሚያመለክት አንድ ጥናት አለ። አሜሪካዊቷ የቋንቋ አንትሮፖሎጂ ምሁር ካትሪን ዉላርድ በ1980 በባርሴሎና ለሚገኙ ወጣት ተማሪዎች የተቀዱ ድምፆችን አሰማች። ተማሪዎቹ የማያውቁት፣ አንዷ ተናጋሪ ሁለት ጊዜ፣ አንዴ በካታላንኛ አንዴ በእስፓንኛ እንደምትሰማቸው ነው፤ ስለ እያንዳንዱ ድምፅ ባለቤት ምን እንደሚያስቡ ተጠየቁ። ካታላንኛ ስትናገር የተማረችና የተከበረች መሰለቻቸው፤ በመውደድና በማቅረብ ጊዜ ግን ነገሩ ሌላ ነበር። እስፓንኛ ተናጋሪዎቹ ከእነርሱ ወገን ሆና ካታላንኛ የተናገረችውን ራቅ አደረጓት፤ ካታላኖቹም ላደረገችው ጥረት ምንም አልጨመሩላትም። ማለትም ቋንቋውን የተማረ እንግዳ ከሁለቱም ወገን ምንም አያተርፍም ነበር። ዉላርድ በ1987 ጥናቱን ስትደግመው ይህ ተለውጦ አገኘችው፤ የወገን ቅጣቱ ላላ፣ ካታላኖቹም ካታላንኛ የሚናገረውን እስፓንኛ ተወላጅ አቀረቡ። ቋንቋው የዘር ምልክት ከመሆን ወጥቶ ማንም ሊይዘው የሚችል ንብረት መሆን ጀመረ ማለት ነው። ሳንታ ኮሎማ ያተረፈችው ትልቁ ነገር ይህ ነው እላለሁ፤ «ሻርኔጎ» የሚለው ቃልም ዛሬ አንዳንዶች ራሳቸው በኩራት የሚያነሡት ሆኗል።

ደወሉ ከተደወለ በኋላ

ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ ሥርዓቱ አንድ ነገር ማድረግ አልቻለም። የዕረፍት ደወል ሲደወል፣ የሳንታ ኮሎማ ልጆች ወደ ሜዳው ሲወጡ፣ ኳሱ የሚጠለዘው በእስፓንኛ ነው። ካታላንኛ የመምህሯ፣ የደብተሩና የፈተናው ቋንቋ ሆኖ ቀረ፤ ከጓደኛ ጋር ሚስጥር የሚያወሩበት፣ የሚጣሉበትና የሚታረቁበት ቋንቋ አልሆነም። ሰፈሩ ውስጥ ካታላንኛ የአፍ መፍቻው የሆነ ልጅ ጥቂት ስለሆነ የሚያናግራቸውም የለም።

እዚህ ላይ ነው ከላይ የጠቀስነው የካታላኖች ልማድ የሚመጣው። በትምህርት ቤት ካታላንኛን በሚገባ የተማረ ወጣት ባርሴሎና ወርዶ ዳቦ ሊገዛ ይገባል። በካታላንኛ ይጀምራል፤ ሻጯ ግን የድምፁን ቃና ሰምታ፣ ወይም መልኩን አይታ፣ ወዲያው በእስፓንኛ ትመልስለታለች። ክፋት የለባትም፤ አክብሮት መስሏት ነው። ወጣቱ ግን የሚሰማው «ይህ ያንተ አይደለም» የሚል ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ራሱ በእስፓንኛ ይጀምራል። ትምህርት ቤቱ ሰባት ስምንት ዓመት የደከመበትን ሻጯ በአንድ ቃል ትመልሰዋለች። የካታሎኒያ ባለሥልጣናት ይህን ሳያውቁ አልቀሩም። በ1982 «ኖርማ» የተባለች የካርቱን ልጅ ካታላንኛ የሁሉም ጉዳይ ነው እያለች የሁሉንም ተሳትፎ ጠየቀች፤ በ2005 ደግሞ በመዘውር የሚንቀሳቀስ የጥርስ አሻንጉሊት ሰዎች ሳያፍሩ እንዲናገሩ በቴሌቪዥን ቀሰቀሰ። ሁለቱም ተወዳጅ ነበሩ፤ ልማድ ግን በማስታወቂያ ብቻ አይነቀልም።

የመንግሥት የቋንቋ አጠቃቀም ጥናት ይህን በቁጥር ያሳያል። በ2003 ካታላንኛን የዘወትር ቋንቋዬ ያለው የጎልማሳው ሕዝብ 46 በመቶ ነበር፤ በ2023 ወደ 32.6 በመቶ ወረደ። መናገር የሚችለው ግን አሁንም ከአምስት አራት ያህል ነው። በመቻልና በመናገር መካከል ያለው ክፍተት ይህን ያህል ሰፊ ነው። ለመውረዱ አንዱ ምክንያት የአዲስ ሕዝብ መምጣት ነው፤ ካታሎኒያ በ2000 ከነበራት 6.3 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ በሃያ ዓመት ጥቂት በበለጠ ጊዜ ወደ 8 ሚሊዮን አድጋለች፤ ብዙዎቹ ከላቲን አሜሪካ፣ ከሰሜን አፍሪካ፣ ከእስያና ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡ ናቸው። ምክንያቱን ሁሉ በእነርሱ ላይ መደፍደፍ ግን ተገቢ አይደለም። ሻጯ ቋንቋ የለወጠችው ለእነርሱም ነው።

የፖለቲካውና የፍርድ ቤቱ ክርክር በበኩሉ ሌላ መንገድ ይዟል። የሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤቱ በሰኔ 2010 በካታሎኒያ የራስ አስተዳደር ደንብ ላይ በሰጠው ፍርድ እስፓንኛም የማስተማሪያ ቋንቋ መሆን እንዳለበት ገለጸ፤ የካታሎኒያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በታኅሣሥ 2020 ቢያንስ 25 በመቶ የሚሆነው ትምህርት በእስፓንኛ እንዲሰጥ ወሰነ፤ የስፔን ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኅዳር 2021 የቀረበለትን ይግባኝ ሳይቀበል ቀረ። የካታሎኒያ ምክር ቤት በ2022 በመቶኛ መመደብን የማይቀበል አዲስ ሕግ አወጣ፤ ጉዳዩም ወደ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ተመራ። ክርክሩ ሁለቱን ወገን የሚያሳስበው እውነተኛ ጉዳይ ነው፤ ልጁ በእስፓንኛ የሚማርበት ሰዓት ይጨመርለት የሚል ወላጅም ሐሳቡን የመናገር መብት አለው። ነገር ግን ክርክሩ የክፍለ ጊዜ ቆጠራ ሲሆን የ1983ቱ ወላጆች ያነሡት ጥያቄ ይረሳል። እነርሱ ስንት ሰዓት ብለው አልጠየቁም፤ ልጃችን ከማንም ልጅ እኩል ሆኖ ይውጣ ነበር ያሉት።

ዛሬ የአንደኛው መስመር ባቡር መጨረሻ በሆነው በሳንታ ኮሎማ የፎንዶ ሰፈር የሱቆቹ ሰሌዳዎች በቻይንኛም ተጽፈዋል፤ የአንዳሉሲያ ልጆች ተቀምጠውባቸው በነበሩት ወንበሮች ላይ የቻይናውያን፣ የሞሮኮዎች፣ የፓኪስታናውያንና የላቲን አሜሪካውያን ልጆች ተቀምጠዋል። ከ2004 ጀምሮ አዲስ የገባ ልጅ የቀኑን ከፊል የሚያሳልፍበት «የመቀበያ ክፍል» በየትምህርት ቤቱ ተከፍቷል፤ በዚያም ካታላንኛን ከመሠረቱ ይማራል፤ የቀረውን ሰዓት ከእኩዮቹ ጋር ነው። ለአዋቂዎች ደግሞ ከ2003 ጀምሮ የሚሠራ የበጎ ፈቃደኞች ፕሮግራም አለ። አንድ ካታላንኛ ተናጋሪና አንድ ተማሪ ይጣመሩና በሳምንት አንድ ሰዓት፣ በጠቅላላው ለአሥር ሰዓት ያህል፣ ቡና እየጠጡ ወይም ገበያ እየዞሩ ይጨዋወታሉ። መጽሐፍ የለም፤ ፈተና የለም። ተማሪው ቃል ቢጠፋበት ወይም ቢንተባተብ፣ ካታላኑ ሊጠብቀው የሚገባው ደንብ አንድ ነው፤ ታግሦ ይጠብቀዋል እንጂ ወደ እስፓንኛ አይዞርም።